ገጨ፣ ተጋጨ፣ ተገጨ፣ ተላተመ፦ የአደጋ ቃል ስንሰጥ የትኛውን እንጻፍ?

ጠባሴ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ለሚሠለጥኑ አሽከርካሪዎች የሚታደል አጭር ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። ማስታወሻው አደጋ ሲደርስ ለትራፊክ ፖሊስና ለመድን ድርጅት የሚሰጠው ቃል እንዴት እንደሚጻፍ የሚያሳይ ነው። ሰዓቱን፣ ቦታውንና ፍጥነቱን መጻፍ ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ግሱ ነው። አንድ ዓይነት ሥዕል ሲሰጣቸው አንዱ ሠልጣኝ “መኪናዬ ከጋሪ ጋር ተጋጨ” ይላል፤ ሌላው “ጋሪ ገጨሁ” ይላል፤ ሦስተኛው “ጋሪው ተገጨ” ብሎ ያልፈዋል። ሦስቱም ልክ ናቸው ማለት አልችልም፤ ለምን እንዳልሆኑ በቅጡ ማስረዳት ግን እፈልጋለሁ።

በተለይ እነዚህን ብታብራሩልኝ፦ ገጨና ተጋጨ የሚለያዩት የት ላይ ነው? ተላተመ የዜና ቃል ብቻ ነው ወይስ የራሱ ቦታ አለው? ነካ፣ ጫረ፣ ፋቀ፣ ታከከ ብሎ የሚጽፍ ሰው ጉዳቱን እያቃለለ ነው? ጎማ ሰው ላይ ሲወጣስ ገጨ ማለት ይበቃል? መንገዳችን ላይ በሬ፣ በግና ጋሪ ስለማይጠፋ ለእነሱ የሚሆነውን ቃል የምታውቁም ጨምሩበት። ምሳሌዎቹ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ከሚወርደው መንገድ ቢሆኑ ሠልጣኞቹ ቶሎ ይገባቸዋል።

ሰላድንጋይ

ጠባሴ፣ ጥሩ ነገር አነሳህ። አንባቢው አደጋው ቦታ አልነበረም፤ የማን መሄድ ማን ላይ እንዳረፈ የሚያውቀው ከግሱ ነው። ስለዚህ ቅርጾቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ገጨ ሲባል አንዱ አድራጊ ነው፣ ሌላው ተቀባይ። “አይሱዙው የቆመውን ሚኒባስ ከኋላ ገጨ” ስትል ሁሉም ነገር ግልጽ ነው። ተቀባዩ የግድ የቆመ መሆን የለበትም፤ በዝግታ እየሄደም ሊገጭ ይችላል። የሚጠየቀው ንክኪውን ያመጣው የማን እንቅስቃሴ ነው የሚለው ነው።

ተጋጨ ሲባል ሁለቱም ወደ ንክኪው መጥተዋል። “እርስ በርስ” የሚለው ቃል ባይጻፍም በግሱ ውስጥ አለ። ትክክለኛ ቦታው ሁለቱም ሲንቀሳቀሱ፣ ፊት ለፊት ሲመጡ ወይም መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲገናኙ ነው። በተራ ወሬ “ከምሰሶ ጋር ተጋጨ” ይባላል፤ ይህ ማንንም አያሳስትም፤ ምሰሶ እንደማይሄድ ሰሚው ያውቃል። የሚያሳስተው ሌላኛው ወገን መሄድም መቆምም የሚችል ሲሆን ነው። “ከሲኖትራክ ጋር ተጋጨ” ብሎ የጻፈ ሰው፣ ሲኖትራኩ ዳር ይዞ ቆሞ ከነበረ፣ ለቆመው መኪና ሳያስበው የአደጋውን ግማሽ ሰጠው ማለት ነው። የሠልጣኝህ “ከጋሪ ጋር ተጋጨ” እዚህ ውስጥ ይገባል። ጋሪው ቆሞ ነበር? እየሄደ ነበር? ወደየት? ግሱ አይናገርም።

ተገጨ ሲባል አድራጊው ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። ገጭቶ ያመለጠ ተሽከርካሪ ካለና ማንነቱ ካልታወቀ ቃሉ ትክክል ነው። አድራጊው ከታወቀ ግን “በ” ተብሎ መግባት አለበት፦ “እግረኛው ከሸዋ ሮቢት አቅጣጫ በመጣ ሚኒባስ ተገጨ።” አሽከርካሪው ራሱ የገጨውን “ጋሪው ተገጨ” ብሎ ሲጽፍ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ ራሱን ደበቀ።

አስገጨ ደግሞ ሌላ ነው። አስገጪው በእጁ አልገጨም፤ በቸልታው እንዲገጭ አደረገ። “በሬውን አስገጨ” ስትል የምትወቅሰው እረኛውን ነው። “የሰው መኪና ይዞ ወጥቶ አስገጨ” ስትል የምትወቅሰው አሽከርካሪውን ነው፤ ምንም እንኳ የገጨው ሌላ መኪና ቢሆን። ወቀሳ ስላለበት ቃል ሲሰጥ ባይጻፍ እመርጣለሁ።

አጋጨ ሁለት ነገሮችን አምጥቶ ማገናኘት ነው። ሰው ብርጭቆ ያጋጫል፤ ነገር አመላላሽም ሰውን ከሰው ያጋጫል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር ልጨምር። “ገጨኝ” እና “ገጨብኝ” አንድ አይደሉም። ገጨኝ ሲባል የተመታው እኔ ነኝ፤ ገጨብኝ ሲባል የተመታው የእኔ የሆነ ነገር ነው። አሽከርካሪ ግን መኪናውን እንደ ራሱ አካል ስለሚቆጥር “ከኋላ ገጨኝ” ይላል። ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ቆስሎ ይሆን ወይስ መኪናው ብቻ ነው ብሎ ይጠይቃል። “መኪናዬን ከኋላ ገጨብኝ፤ እኔ ጉዳት አልደረሰብኝም” ብሎ መጻፍ ጥያቄውን ይዘጋል።

ተላተመን በተመለከተ፣ የዜና ቃል ብቻ አይደለም፤ የራሱ ቦታ አለው። የሚንቀሳቀስ ነገር የማይበገር ነገር ላይ በኃይል ሲያርፍ ነው፦ ማዕበል ከዓለት ጋር፣ ጭንቅላት ከበር መቃን ጋር፣ ከፍ ብሎ የተጫነ ጭነት ከጣርማ በር ዋሻ ግድግዳ ጋር። ለእግረኛ አይሆንም፤ “ከእግረኛ ጋር ተላተመ” ለጆሮ ይከብዳል፤ ሰው የማይበገር ነገር አይደለምና። ሁለት ተሽከርካሪዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ ዜና አንባቢዎች ይጠቀሙበታል፤ እዚያ የሚጨምረው የኃይሉን ብርታት ነው። ቃል ሲሰጥ ግን የኃይሉን መጠን ጉዳቱ ይናገራል፤ ስለዚህ ማስታወሻህ ውስጥ ተላተመን አታበረታታ።

መታም ይረሳል። የተወረወረ ወይም የወደቀ ነገር አይገጭም፣ ይመታል፦ “ከፊቴ ከሚሄደው መኪና ስፖንዳ የወደቀ ድንጋይ የፊት መስታወቱን መታው።” ከመኪናው አካል ወደ ውጭ ወጣ ያለ ክፍል፣ ለምሳሌ ስፖኪዮ (የጎን ማያ መስታወት)፣ ሰውን ሲያገኝም መታ ይሻላል፦ “በቀኝ ስፖኪዮው ትከሻውን መታው።” እዚህ ላይ ገጨ ብትል አንባቢው የሚያስበው ኮፈኑን ወይም ፓራውልቱን (የፊት መከላከያውን) ነው።

በመጨረሻም ገጨ ስለ ሐሳብ ምንም አይናገርም። ኳስ ተጫዋች ኳሷን በግንባሩ ገጭቶ ያስቆጥራል፤ ሆን ብሎ ነው። ስለዚህ “ሳላየው”፣ “ማቆም ሳልችል” የሚለውን የሚጽፈው ሰው ራሱ መጨመር አለበት።

ፓራውልት

ስለ ጉዳቱ መጠን የሚናገሩትን ቃላት እኔ ልጻፍ። እነዚህን የሚለዩዋቸው ባትላሜራ ሠሪዎች (የተጎዳ የመኪና አካል የሚያስተካክሉ)ና የጉዳት ገማቾች ናቸው፤ አሽከርካሪው በተሳሳተ ቃል ከጻፈ በኋላ ወረቀቱና መኪናው ስለማይስማሙ ጉዳዩ ይጓተታል።

ነካ፦ በጨርቅ ሲወለወል የሚለቅ ምልክት ብቻ ያለበት። ብረቱ ቅርጹን አልለወጠም፣ ቀለሙም አልተነሳም።

ጫረ፦ ሹል ነገር የሄደበት ቀጭን መስመር። በጥፍር አቋርጣችሁ ስትስቡት ጥፍር ካልያዘ በፖሊሽ ይወጣል፤ ጥፍር ከያዘ የላይኛውን ሽፋን አልፏል፣ ቀለም ይፈልጋል።

ፋቀ፦ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቀለም ተነስቶ ብረት ወይም ፕላስቲክ ሲታይ።

ታከከ ከእነዚህ ይለያል፤ የሚናገረው ስለ አካሄድ ነው። “ጎኔን ታክኮ አለፈ” ሲባል ንክኪው ከአንድ ቦታ ጀምሮ እስከ ሌላ ቦታ ተጉዟል። ሁለቱም ጎን ለጎን እየሄዱ ከሆነ ተፋተጉ ይባላል፤ ሁለቱም ላይ ረጅም ምልክት ይገኛል። ስለዚህ ጠባሴ፣ ታከከ ማለት ማቃለል አይደለም። ሁለት በሮችንና ፓራፋንጎውን (የጎማውን መከለያ) ያበላሸ መታከክ አለ። ማቃለል የሚሆነው የገባ ብረት እያለ ነካ ብሎ መጻፍ ነው።

ሰረጎደ፦ ብረቱ ወደ ውስጥ ገብቷል ግን አልታጠፈም፤ ብዙ ጊዜ ከውስጥ ተገፍቶ ይመለሳል። ተጨራመተ፦ ብረቱ ታጥፎ ተደራርቧል፤ ቢስተካከልም የመታጠፊያው መስመር ስለሚቀር ክፍሉ መለወጥ ሊኖርበት ይችላል። ተጣመመ የሚባለው በአብዛኛው ለሻንሲ (የመኪናው አካል ለሚያርፍበት ዋና ብረት) እና ጎማዎቹን ለሚይዙት እግሮች ነው። በሮች ሲዘጉ ክፍተታቸው ላይና ታች እኩል ካልሆነ፣ መሪው ሲለቀቅም መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ሻንሲውን ማስለካት ያስፈልጋል። ከውጭ ሲያዩት “ትንሽ ሰረጎደ” የተባለ መኪና ውስጡ የተጣመመ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቃል ሲሰጥ “በዓይን የሚታየው ጉዳት” ብሎ መጀመር ይጠቅማል።

ስለ መስታወት፦ የፊት መስታወት ሁለት ንብርብር ሆኖ መሃሉ ላይ የፕላስቲክ ሽፋን ስላለው ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም። የጎን መስታወት ግን ሲሰበር እንደ ጠጠር ሆኖ ይረግፋል። “የፊት መስታወቱ ረገፈ” ብሎ የጻፈ ሰው በእርግጥ ምን ሆኖ እንደነበር ይጠየቃል።

ጎማ ሰው ላይ ስለ መውጣቱ ላነሳኸው፦ ገጨ አይበቃም። መግጨትና በላዩ ላይ መሄድ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው፤ አንዳንዴም የሁለት የተለያዩ መኪኖች ሥራ ናቸው። አንዱ ገጭቶ ይጥላል፤ ከኋላ የመጣው ሳያይ ይሄድበታል። ለያይቶ መጻፍ ግዴታ ነው፦ “በፓራውልቱ ቀኝ ጥግ ገጨው፤ ወደቀ፤ የኋላ ቀኝ ጎማ በእግሩ ላይ ሄደበት።” ዳጠ በወሬ ይባላል፤ መንገድ የሚደለድለውንም ማሽን ዳምጠው እንለዋለን፤ ጨፈለቀና ደፈጠጠም አሉ። እነዚህን ስለ ሰው በጽሑፍ ላይ አለማስፈር ይሻላል። የሟች ቤተሰብ ያንን ወረቀት ያነበዋል።

ጠረገ የሚባለው ከባድ ተሽከርካሪ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ብዙ ነገር በተከታታይ ሲያገኝ ነው። “ጠርጎት ሄደ” ለወሬ ይሆናል፤ በወረቀት ላይ ግን መጀመሪያ ምን፣ ቀጥሎ ምን፣ መጨረሻ ላይ ምን እንደተገጨ በተራ መጻፍ አለበት።

ይህን ተራ የሚይዝልን ደግሞ ግሱ ራሱ ነው። “ገጭቶ ተገለበጠ” እና “ተገልብጦ ገጨ” ሁለት የተለያዩ አደጋዎች ናቸው። በመጀመሪያው የመገልበጡ ምክንያት ግጭቱ ነው፤ በሁለተኛው መኪናው ቀድሞ ከቁጥጥር ወጥቷል፣ ስለዚህ ጥያቄው ወደ ፍጥነት፣ ወደ ጭነትና ወደ ጎማ ይሄዳል። ሠልጣኞችህ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ጽፈው እንዲያስረዱ አድርግ።

የቁልቁለቱን ነገር ካነሳህ፣ “ፍሬን በጠሰ” የሚለውንም አስጠንቅቅ። ጣርማ በር ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ፔዳሉን ሳይለቁ እየረገጡ የሚወርዱ መኪኖች ፍሬናቸው ይግላል፣ የፍሬኑ ሸራ መያዝ ያቅተዋል። ይህ “ፍሬኑ ግሎ አልይዝ አለ” ነው የሚባለው። ፍሬን በጠሰ የሚባለው ቱቦ ሲፈነዳ፣ ዘይት ሲፈስ ወይም አየር ሲያልቅ ነው። የመጀመሪያው የአነዳድ ጉዳይ ነው፤ ከባድ ማርሽ አስገብቶ በመውረድ ይከላከሉታል። ሁለተኛው የጥገና ጉዳይ ነው። መኪናው ሲመረመር ቱቦው ጤነኛ፣ ዘይቱም ሙሉ ከሆነ “በጠሰ” ያለው ሰው ቃሉ ሁሉ ይጠረጠርበታል።

አንኮበር በር

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ጥሩ ነው። በሕጉ በኩል ያለውን ልጨምር፤ ሰላድንጋይ “ግማሽ ሰጠው” ያለው ዝም ብሎ አባባል አይደለምና።

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ። ቁጥር 2084 ደግሞ የሁለት ባለ ሞተር ተሽከርካሪዎችን መጋጨት ለብቻው ያየዋል፦ ሲጋጩ እያንዳንዳቸው ለአደጋው እኩል እንዳዋጡ ይገመታል፤ የጠቅላላ ጉዳቱንም ግማሽ ግማሽ ይሸከማሉ። ይህ ግምት የሚወድቀው አደጋው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የሌላው መሆኑን የሚያምን ሰው፣ “ተጋጨን” ብሎ ብቻ ከተወው፣ ማስረዳት የሚገባውን ሳያስረዳ ቀረ።

ይህ ማለት ግን ዳኛ በአንድ ግስ ይፈርዳል ማለት አይደለም። የትራፊክ ፕላን (ፖሊስ የሚያነሳው የአደጋው ቦታ ንድፍ) ይታያል፣ የጎማ ጭረት ይለካል፣ የመስታወትና የአፈር ፍንጥርጣሪ የወደቀበት ቦታ ይታያል፣ ምስክር ይሰማል። ግን የመጀመሪያው ቃል ከፕላኑ ጋር ካልተስማማ፣ በኋላ የሚስተካከለው በብዙ ድካም ነው። በተለይ መጻፍ የማይችሉና ቃላቸውን ሌላ ሰው የሚጽፍላቸው ባለጋሪዎችና እግረኞች በዚህ ይጎዳሉ። “መኪናው መጥቶ ገጨኝ” ያለውን ሰው “ከመኪና ጋር ተጋጭቶ” ብሎ መጻፍ በደል ነው። የሚጽፈው ሰው የተናጋሪውን ግስ እንዳለ ማስቀመጥ፣ ጽፎ ሲጨርስም ጮክ ብሎ አንብቦ ማሰማት አለበት።

አንድ ሌላ ግስ በጥንቃቄ ይታይ፦ ገባብኝ። አሽከርካሪ “ልጁ ገባብኝ” ሲል እንቅስቃሴውን በሙሉ ለልጁ ሰጠው፤ መኪናው እንደቆመ ያህል ነው የሚሰማው። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ልጆች ከቆመ መኪና ኋላ ድንገት ይወጣሉ። ግን ብቻውን ምንም አያስረዳም። ከየት በኩል ወጣ፣ ከቀኝ ነው ከግራ? ስታየው በግምት ስንት ሜትር ርቀት ላይ ነበር? ፍሬን የያዝከው ከንክኪው በፊት ነው ወይስ በኋላ? እነዚህ ከተጻፉ “ገባብኝ” ባይጻፍም ይገባል።

አጻጻፉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፤ መጀመሪያ አቅጣጫና መስመር፣ ከዚያ የሌላኛው እንቅስቃሴ፣ ከዚያ የትኛው ክፍል የትኛውን ክፍል እንደገጨ፣ መጨረሻ ላይ የሆነው ነገር። ለምሳሌ፦

“ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀኝ መስመሬን ይዤ እወጣ ነበር። ከላይ የሚወርድ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ወደ ግራው በሚታጠፍ ኩርባ ላይ ሲዞር ተሳቢው የመንገዱን አጋማሽ አልፎ ወደ እኔ መስመር ገባ። እኔ ወደ ቀኝ ጠርዝ ይዤ ቆምኩ። የተሳቢው ግራ ጎን የመኪናዬን የግራ ፊት ፓራፋንጎ ገጨ፤ ከዚያም የግራ በሮቹን እየፋቀ እስከ ኋላ ጎማ ድረስ ሄደ። መኪናዬ ሌላ ነገር አልገጨም፤ አልተገለበጠም። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም።”

እዚህ ውስጥ ተጋጨ አንድም ጊዜ የለም፤ አላስፈለገም። ገጨ አንድ ጊዜ በቦታው ገባ፣ ፋቀ የቀጠለውን ተናገረ። ተሳቢ ኩርባ ላይ ከጎተተው መኪና ይልቅ ወደ ውስጥ እንደሚቆርጥ የሚያውቅ መርማሪ ይህን ሲያነብ ከፕላኑ ጋር ወዲያው ያመሳክረዋል።

የመንዝ ሰው

እንስሳትን በተመለከተ ቃሉ እንደ እንስሳው ይለያያል። በሬ በቀንዱ ይወጋል፤ ሁለት በሬዎች ሲገናኙ ይዋጋሉ እንጂ ተጋጩ አይባልም። በግና ፍየልም ይዋጋሉ፤ ቀንድ የሌለው ግን ጎሸመ ይባላል። ፈረስና በቅሎ ይረግጣሉ። ስለዚህ “በሬው ከመኪናው ጋር ተጋጨ” የሚል ዓረፍተ ነገር ገበሬ ጆሮ አይገባም። መኪናው በሬውን ገጨ፣ ወይም በሬው ደንብሮ መኪናውን በቀንዱ ወጋ። ልዩነቱ በገንዘብም ይታያል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋልና ማን አድራጊ እንደነበረ መታወቅ አለበት።

መንጋ ሲሆን ቁጥሩ ይጻፍ፣ የተገጨው የመንጋው ፊት ይሁን ኋላም ይጻፍ። የመንጋው ፊት ከተገጨ መንጋው ገና እየተሻገረ ነበር፤ ኋላው ከተገጨ ግን አብዛኛው ተሻግሮ ነበርና አሽከርካሪው ቀደም ብሎ ሊያየው ይችል ነበር የሚል ጥያቄ ይነሳል።

ለጋሪ፣ “ጋሪ ገጨሁ” ይጎድለዋል። ጋሪ ስንል ፈረሱም፣ ሣጥኑም፣ ጎማውም፣ ባለጋሪውም አብረው ይታሰባሉ። ፈረሱ ነው የተገጨው? ወይስ የጋሪው የግራ ጎማ ተገጭቶ ፈረሱ ደንብሮ ወደቀ? ሁለተኛው ከሆነ ፈረሱ የቆሰለው በመውደቁ ነው፤ ያ ደግሞ ለብቻው ይጻፋል።

ገበያ ውስጥ ስለሚሆነው መነካካት በአጭሩ፦ ገፋ ጥሩም መጥፎም ሊሆን ይችላል። ገፈተረ ለመጣል የታሰበ ነው። ጎሸመ በክርን፣ አጭር፣ አንዳንዴ ለምልክት። ተጋፋ የብዙ ሰው ነው፣ ማንም አይከሰስበትም። ሁለት ሰዎች ሳያዩ ግንባር ለግንባር ሲገናኙ ያኔ በእውነት ተጋጩ ይባላል።

እንቅፋትን አትርሱ። “እንቅፋት መታኝ” እንላለን፤ የሄደው እግር ነው፣ የቆመው ድንጋይ፤ አድራጊ ያደረግነው ግን ድንጋዩን። አዳለጠኝም እንደዚሁ ነው። ቋንቋችን በዚህ መንገድ ስለሚፈቅድ ሰው “ዛፍ መታኝ” እስከማለት ይደርሳል። በወሬ ይገባል፤ በወረቀት ላይ ግን “ከመንገድ ወጥቼ ዛፍ ገጨሁ” ነው።

ጠባሴ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የረዳችሁኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ሦስት አራት መኪና ተከታትሎ ይገጫጫል፤ መሃል ያለው አሽከርካሪ ገጪም ተገጪም ነው፤ ምን ብሎ ይጻፍ? ሁለተኛ፣ ሠልጣኞቹ “ግጭት” የሚለውን ቃል ስለ ሰው ጠብ ብቻ ነው የምናውቀው ይሉኛል።

ሰላድንጋይ

ከሁለተኛው ልጀምር። ግጭት ለሁለቱም ይሠራል፣ ግን ስለ ሰው ሲነገር ሚዛኑ በግሱና በስሙ ይለያያል። “ትናንት ተጋጭተን ነበር” ያሉ ባልንጀሮች ዛሬ አብረው ቡና ሊጠጡ ይችላሉ፤ አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ነው። ተጣሉ ከተባለ የሚቆይ ነው፣ አስታራቂ ይፈልጋል። ተኳረፉ ከተባለ መነጋገር ቆሟል። ስሙ ግን ከበድ ይላል፤ “በእነሱ መካከል ግጭት አለ” ስትል ብዙ ሰው ወይም መሣሪያ ወይም መሬት ይታሰባል። ለሰዓት፣ ለሐሳብና ለጥቅም ሲሆን ደግሞ ማንም አይቆስልም፦ የሁለት ፈተና ሰዓት ይጋጫል፣ የምስክር ቃል ከቀድሞ ቃሉ ጋር ይጋጫል፣ የጥቅም ግጭት አለ ይባላል።

ስለ መኪና ያልነው እዚህም ይሠራል። ሁለት ወገን ተነስቶ ሲገናኝ ግጭት ነው። አንዱ መጥቶ በቤቱ ያለውን ሌላውን ከመታ ጥቃት ነው። ጥቃቱን ግጭት ብሎ መዘገብ ለተጠቃው ከጥፋቱ ያካፍለዋል። ለሠልጣኞችህ ይህን ብትነግራቸው የገጨና የተጋጨ ልዩነት በአንዴ የሚገባቸው ይመስለኛል።

ወደ ጉሙ ልመለስ። ለብዙ መኪና ተገጫጩ ትክክለኛ ቃል ነው፣ ግን የሁሉንም ጠቅላላ ነገር የሚናገር ነው፤ እያንዳንዱ አሽከርካሪ ቃሉን ሲሰጥ የራሱን ሁለት ንክኪዎች ለይቶ መጻፍ አለበት። መሃል ላይ ያለው “ከኋላ ተገጭቼ፣ ተገፍቼ የፊተኛውን ገጨሁ” ወይም “የፊተኛውን ገጨሁ፣ ከዚያ ከኋላ ተገጨሁ” ይላል። ቃላቱ አንድ ናቸው፣ ቅደም ተከተሉ ግን ኃላፊነቱን ይለውጠዋል።

ይህን ማጣራት ይቻላል ወይ ብትል፣ አዎ።

ፓራውልት

እዚህ ላይ እኔ ልግባ። ገማቾች የመሃለኛውን የሚጠይቁት የመጀመሪያው ንቅናቄ ወዴት ወሰደህ ብለው ነው። ከኋላ የተገጨ ሰው ጀርባው መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ይጣበቃል፣ ጭንቅላቱም ወደ ኋላ ይሄዳል። ፊት ለፊት የገጨ ሰው መጀመሪያ ወደ መሪው ይወረወራል፣ ቀበቶው ደረቱን ይይዘዋል። ስለዚህ ስንት ንቅናቄ እንደተሰማው፣ የመጀመሪያው ወደየት እንደነበረ ወዲያው ይጻፍ፤ ካደረ ይምታታል።

መኪናው ላይም ይታያል። የፊተኛውን ሲገጭ ፍሬን ይዞ የነበረ መኪና አፍንጫው ዝቅ ስለሚል በፊተኛው መኪና ላይ የሚተወው ምልክት ከፓራውልቱ መደበኛ ቁመት ዝቅ ብሎ ይገኛል። ፍሬን ሳይዝ ተገፍቶ የገጨ ከሆነ ምልክቱ በመደበኛው ቁመት አካባቢ ነው። በሜትር ከመሬት እስከ ምልክቱ ይለካ፣ በሁለቱም መኪኖች ላይ፣ መኪኖቹ ባዶ ይሁኑ ጭነት ያለባቸው አብሮ ይጻፍ። ቆሞ ፍሬን ረግጦ የነበረ ሰውም ሊገፋ ስለሚችል ልኬቱ ብቻውን አይወስንም፤ ከንቅናቄው ቅደም ተከተልና ከጎማው ጭረት ጋር ነው የሚነበበው። መኪኖቹ ከመነሳታቸው በፊት ከአራቱም ጎን ፎቶ ይነሱ፤ ጉም ካለ ፍላሽ አጥፍቶ፣ ቀረብ ብሎ ማንሳት ነው፤ ፍላሹ ጉሙን ብቻ ያበራዋል።